የተራራ ስቴጅ እንዴት ይታያል? ቱር ደ ፍራንስን ከዳገቱ ጀምሮ ማንበብ

ብዙ ሰው ቱር ደ ፍራንስን ከፍቶ አሥር ደቂቃ ያይና ይዘጋዋል። አይፈረድበትም። ከ170 በላይ ብስክሌተኛ ተጠጋግቶ ይሄዳል፣ ሄሊኮፕተሩ የሱፍ አበባ ማሳና የድሮ ግንብ ያሳያል፣ ሁለት ሦስት ሰው ከፊት አምልጧል፣ ከዚያ ለረጅም ሰዓት ምንም አይፈጠርም። ተራራው ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ምን ማየት እንዳለባችሁ ካወቃችሁ ከወንበራችሁ አትነሱም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው፤ ስፖርቱን ስለምወደውና ሰው ሳይገባው ሲያልፈው ስለሚቆጨኝ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ካሜራው የሚወደው ከፊት ያለውን ሰው ነው። እናንተ እሱን ለጊዜው ተዉትና ቢጫ ማልያ የለበሰውን፣ ማለትም በድምር ሰዓት የሚመራውን ፈልጉ። ካገኛችሁት በኋላ አጠገቡ ስንት የራሱ ቡድን ሰው እንደቀረ ቁጠሩ። አምስት? ሦስት? ማንም? በየአምስት ደቂቃው ደግማችሁ ቁጠሩ። የተራራ ስቴጅ ማለት በአብዛኛው ይህ ቆጠራ ነው።

ሂሳቡ

ስቴጅ የአንድ ቀን ግልቢያ ነው። ቱሩ 21 ስቴጅ አለው፣ በ23 ቀን ያልቃል፣ በመሃል ያለው እረፍት ሁለት ቀን ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ሰው የየቀኑ ሰዓት ይደመራል። ድምሩ ያነሰው ያሸንፋል፤ ቢጫውን ማልያ የሚለብሰውም በየቀኑ ድምሩ ያነሰው ሰው ነው። ስለዚህ አንድ ስቴጅ እንኳ ሳያሸንፉ ቱሩን መውሰድ ይቻላል። ክሪስ ፍሩም በ2017 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያደረገው ይህንኑ ነው።

ሳይነጣጠሉ ተሰብስበው የገቡ ሰዎች፣ የማንም ቡድን ይሁኑ፣ አንድ ዓይነት ሰዓት ይሰጣቸዋል። ለዚህ ነው ሜዳ ላይ ሰዓት መውሰድ የሚከብደው፤ ሁሉም ተሰብስቦ ይገባል። መስመሩ ላይ 1ኛ የወጣ 10 ሰከንድ፣ 2ኛ 6፣ 3ኛ 4 ሰከንድ ይቀነስለታል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን በ1989 ግሬግ ሌሞንድ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተጋልቦ ያሸነፈው በ8 ሰከንድ ነው።

ሌሎቹ ማልያዎች ቶሎ ይገባሉ። አረንጓዴው በመግቢያ መስመሮችና በመሃል በሚደረጉ ሩጫዎች ነጥብ ለሰበሰበ፣ ነጩ ለወጣቶች፣ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት ነጩ ደግሞ ዳገት አናት ላይ ቀድሞ በመድረስ ነጥብ ለሰበሰበ ነው። ይህን የዳገት ማልያ በ2015 ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት ለብሶት ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱሩን የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ሥዕሉን ቀድማችሁ አንብቡ

ስቴጁ ከመጀመሩ በፊት የመንገዱን ከፍታ የሚያሳየውን ሥዕል ፈልጉ። ጥርስ ጥርስ የሚመስለው ማለቴ ነው። ዳገቶቹ ከ4 እስከ 1 ደረጃ አላቸው፣ 4 ቀላሉ፣ 1 ከባዱ። ከ1 የባሰው ደግሞ «ከደረጃ ውጪ» ይባላል። የልዩነቱን መጠን ለማወቅ ነጥቡን እዩት። 4ኛ ደረጃ ዳገት ላይ ቀድሞ የደረሰ 1 ነጥብ ያገኛል፣ ከደረጃ ውጪ የሆነው ላይ 20።

አማካይ ተዳፋቱን ግን ሙሉ በሙሉ አትመኑት። አማካይ ያታልላል። በ2023 በአልፕስ የነበረው ኮል ደ ላ ሎዝ 28 ኪሎ ሜትር ሲሆን አማካዩ 6 በመቶ ነበር። ወረቀት ላይ ሲታይ ረጅም እንጂ አስፈሪ አይደለም። ግን በመሃሉ ለጥ ያለ ቦታ አለው፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ከ20 በመቶ በላይ የሚቆም ግድግዳ ይመጣል። ቁመቱም 2304 ሜትር ነው፣ አየሩ ይሳሳል። ታዴይ ፖጋቻር የተቆረጠው እዚያ ነበር፤ በዚያ ቀን ብቻ በዋና ተቀናቃኙ በዮናስ ቪንጌጎር ከ5 ደቂቃ ተኩል በላይ ተበለጠ። በአንድ ከሰዓት ቱሩ አለቀ።

አልፕ ዱኤዝ ሌላ ዓይነት ነው። 13.8 ኪሎ ሜትር፣ አማካዩ 8.1 በመቶ፣ 21 ጠመዝማዛ። ገና ከሥሩ ጀምሮ ይቆማል፣ ማሟሟቂያ የሚባል ነገር የለውም። ሞን ቫንቱ ደግሞ ታችኛው ክፍል ጫካ ነው፤ ላይ ሲደረስ፣ የመጨረሻው 6 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዛፍ የለም፣ ነጭ ድንጋይ ብቻ፣ ነፋሱ እንደ ልቡ የሚጋልብበት። በ2016 ነፋሱ ከመጠን አልፎ መግቢያውን ከአናቱ አውርደው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አደረጉት። እንግዲህ ሥዕሉን ስታዩ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ የመጨረሻው ዳገት ላይ ነው የሚያልቀው ወይስ ቁልቁል ወርዶ? ከእሱ በፊትስ ስንት ከባድ ዳገት አለ? አንድ ዳገት ብቻ ከሆነ ሁሉም ትኩስ እግር ይዞ ይደርሳል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ዳገት ከሆነ ግን ልዩነቱ በደቂቃ ነው የሚቆጠረው።

ቆጠራው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ።

አንድ ቡድን 8 ሰው አለው። ከስምንቱ ለማሸነፍ የመጣው ብዙ ጊዜ አንዱ ነው፣ ሰባቱ ለእሱ ነው የሚሠሩት። የረጅም ርቀት ሩጫ የምታዩ ከሆነ አሯሯጭ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እነዚህም እንደዚያው ናቸው፣ ልዩነቱ ሥራቸው በየቀኑ ሦስት ሳምንት መሆኑ ነው። ሜዳ ላይ ነፋስ ይከላከሉለታል። ከሰው ኋላ ተደብቆ የሚሄድ ሰው ሜዳ ላይ አንድ ሦስተኛ ያህል ጉልበት ሊቆጥብ ይችላል። ዳገት ላይ ፍጥነቱ ስለሚወርድ የነፋሱ ጥቅም ይቀንሳል፣ ግን ወጥ የሆነ ፍጥነት የሚይዝለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ጎማው ቢፈነዳ የራሱን ብስክሌት የሚሰጠው፣ ውሃ የሚያመጣለት፣ ተቀናቃኝ ሲያመልጥ ሳይደናገጥ ቀስ ብሎ ጎትቶ የሚመልስለት።

ውሃ ስል አንድ ጊዜ ይህን ነገር አስተውላችሁ እዩት። አንዱ አጃቢ ሆን ብሎ ወደ ኋላ ይቀራል። ከቡድኑ መኪና ጎን ይደርሳል። ከመስኮቱ አንድ ጠርሙስ ይቀበላል፣ በማልያው ጀርባ ይከተዋል። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ኪሱ ሲሞላ በአንገቱ በኩል ወደ ውስጥ ይጨምራል፣ ከዚያ ደረቱ ላይ። ስምንት ሲሞላ ጀርባው ሻኛ ያወጣ ይመስላል። ግማሽ ግማሽ ሊትር ቢሆን 4 ኪሎ ነው፣ ሕጉ የሚፈቅደው የብስክሌት ዝቅተኛ ክብደት ራሱ 6.8 ኪሎ ሆኖ ሳለ። ያንን ተሸክሞ፣ ዳገት ላይ፣ ከእሱ የሚፈጥኑትን ሁሉ መልሶ ያልፋቸውና ለአለቃው ያድላል። ከዚያ ደክሞት ይቆረጣል፣ ስሙን ማንም አይጠራውም። እኔ በበኩሌ ከዚህ በላይ የሚነካኝ ነገር ስፖርት ውስጥ አላየሁም።

ታዲያ ዳገቱ ሲጀምር የአንዱ ቡድን ሰዎች ተሰልፈው ፊት ይወጣሉ። ዙሩ ይከራል። የመጀመሪያው አጃቢ አቅሙን እስኪጨርስ ይጎትታል፣ ሲያልቅበት ወደ ጎን ወጣ ይላል፣ እዚያው የቆመ እስኪመስል ድረስ ያልፉታል። ሁለተኛው ይረከባል። የዚህ ሁሉ ዓላማ ሰው ማምለጥ አይደለም። የተቀናቃኙን አጃቢዎች አንድ በአንድ ማራገፍ ነው። ከኋላ ሰው ሲቆረጥ ስታዩ «የማን ሰው ነው?» በሉ።

በ2022 በ11ኛው ስቴጅ የሆነውን ብትፈልጉት ቪዲዮው በቀላሉ ይገኛል። ፖጋቻር ቢጫ ለብሷል። ጃምቦ ቪስማ የተባለው ተቀናቃኝ ቡድን ሁለት ጠንካራ ሰው አለው፣ ፕሪሞዥ ሮግሊችና ቪንጌጎር። ገና ከመግቢያው ሩቅ ሳሉ፣ ወደ ጋሊቢዬ ሲወጡ፣ አንዱ ፈትለክ ብሎ ይወጣል፤ ፖጋቻር ተከትሎ ይይዘዋል። ወዲያው ሌላው ይወጣል። ይይዘዋል። ደግሞ የመጀመሪያው። ፖጋቻር ለሁሉም ራሱ መልስ ይሰጣል፣ ፊቱ ላይ ምንም አይታይም፣ እንዲያውም ጥሩ ላይ ያለ ይመስላል። ዋጋው የተከፈለው ቆይቶ፣ የመጨረሻው ዳገት ግራኖን ላይ ነው። ከአናቱ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ቪንጌጎር ተነሥቶ ሄደ፣ ፖጋቻር እግሩ ከዳው። ወደ 3 ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ አጣ። ግራኖንን ብቻ ያየ ሰው «ደከመው» ይላል። ጋሊቢዬ ላይ የቆጠረ ሰው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ ነው ያወቀው።

ሌላም አለ። ቡድኖች አንዳንዴ ከጠዋቱ ከሚያመልጡት ጋር የራሳቸውን ሰው ይልካሉ። ለማሸነፍ አይደለም፤ ከፊት ሆኖ እንዲጠብቅ ነው። አለቃው ዳገቱ ላይ ብቻውን ሲቀር ይህ ሰው ፍጥነቱን ቀንሶ ይጠብቀዋል፣ ከዚያ ይጎትተዋል። በዚያው ዓመት ኦታካም በተባለው ዳገት ላይ የቪንጌጎር ቡድን ጓደኛ ዋውት ቫን አርት አረንጓዴውን ማልያ ለብሶ፣ ቀኑን ሙሉ ከፊት ውሎ፣ መጨረሻ ላይ ለቪንጌጎር ዙሩን ሲያከርለት ፖጋቻር ተቆረጠ። ስለዚህ ጠዋት ሰዎች ሲያመልጡ ስማቸውን ሳይሆን ቡድናቸውን ጻፉ።

የደከመ ሰው እንዴት ይታወቃል

ጎማውን እዩ። ተከታዩ ጥሩ አቋም ላይ ካለ የፊት ጎማው ከፊቱ ካለው ሰው የኋላ ጎማ ከስንዝር ብዙ አይርቅም። ያቺ ስንዝር ግማሽ ሜትር ስትሆን ልብ በሉ። ይመልሳታል። ደግማ ትከፈታለች። ይመልሳታል። ሦስተኛ ጊዜ አንድ ሜትር ከሆነች በኋላ ብዙም አትመለስም። ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም።

ትከሻ መወዛወዝ ሲጀምር፣ አፍ ተከፍቶ ሲቀር፣ ማልያው እስከ ሆድ ሲከፈት፣ ከመቀመጫው ያለ ምክንያት ብድግ ቁጭ ሲል፣ እነዚህም ይናገራሉ። ግን ፊት ያታልላል፤ አንዳንዱ ከጅምሩ የሚሞት መስሎ ይጋልብና ያሸንፋል። በሬዲዮ ማውራት ሲያበዛም ተጠራጠሩ።

ምግብም አለ። አሁን ያሉት ብስክሌተኞች በሰዓት ከ90 እስከ 120 ግራም ካርቦሃይድሬት ይወስዳሉ፣ በጄልና በመጠጥ። ይህ ሲዘነጋ ጉልበት በአንድ ጊዜ ነው የሚያልቀው፣ ቀስ እያለ አይደለም። በ2013 አልፕ ዱኤዝ ላይ ፍሩም ቢጫ እንደለበሰ ሊያልቅበት ሲል አጃቢው ሪቺ ፖርት ከመኪናው ጄል አምጥቶ ሰጠው። በዚያ ርቀት ላይ ከመኪና ምግብ መውሰድ ክልክል ነበር፣ 20 ሰከንድ ተቀጡ። ለፍሩም ግን ቅጣቱ ጉልበት አልቆበት ከመቅረት ይሻለው ነበር፤ ቱሩንም አሸነፈ።

ቁልቁለቱን አትዝለሉት

ዳገቱ ሲያልቅ ሻይ ለማፍላት የሚነሣ ሰው አለ። አትነሡ። ቁልቁለት ላይ በሰዓት 80፣ 90 ኪሎ ሜትር ይወርዳሉ፣ ሲመቻቸው ከ100 ያልፋሉ፤ ከአስፋልቱ የሚለያቸው የጣት ስፋት ያላት ጎማ ናት። ድሮ በብስክሌቱ አግዳሚ ብረት ላይ ተቀምጠው እጥፍ ብለው ይወርዱ ነበር፣ ከ2021 ጀምሮ ተከልክሏል። በሰኔ 2023 በስዊዘርላንዱ ቱር ጂኖ ሜደር አልቡላን ሲወርድ ወድቆ በማግሥቱ ሞተ፣ ገና 26 ዓመቱ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ሲወርዱ ከፊት ያለው ሰው ትንሽ ሲዘገይ «ፈሪ» እንዳትሉት ነው።

የአየር ሁኔታውንም ከጠዋቱ እዩ። በ2019 በ19ኛው ስቴጅ ኢጋን በርናል ኢዘራን የተባለውን ተራራ አናት ቀድሞ አለፈ፣ ከ2700 ሜትር በላይ ነው። ከወዲያ ማዶ በረዶ ዘንቦ መንገዱን ጭቃና ድንጋይ ዘግቶታል። ውድድሩ ቁልቁለቱ ላይ ቆመ፣ ሰዓቱ የተያዘው አናቱ ላይ ሆነ፣ የዚያን ቀን ስቴጅ ያሸነፈ ሰው የለም። በርናል ግን ቢጫውን ወሰደ፣ አልመለሰውም።

መንገድ ዳር ሄዳችሁ ከሆነ የምታዩት

ቲኬት የለውም፣ ነፃ ነው። ግን መንገዱ ለመኪና ቀድሞ ይዘጋል፤ ታዋቂ ዳገት ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ወጥቶ ማደር ነው የሚሻለው። ታች 30 ዲግሪ ሆኖ ላይ ብርድ ሊሆን ስለሚችል ጃኬት ያዙ፣ ውሃም ምግብም እንደዚሁ። ቦታ ስትመርጡ በጣም ቆሞ የሚወጣውን ምረጡ፣ እዚያ ቀስ ብለው ስለሚያልፉ ፊታቸው ይታያል። አልፕ ዱኤዝ ከሆነ እያንዳንዱ ጠመዝማዛ ቁጥርና እዚያ ያሸነፈ ሰው ስም የያዘ ሰሌዳ አለው። ቁጥሩ ከታች 21 ብሎ ይጀምርና እየቀነሰ ይወጣል። ከተወዳዳሪዎቹ በፊት ስጦታ እየወረወረ የሚያልፍ የማስታወቂያ መኪና ሰልፍ አለ፣ እሱ ሲያልፍ እነሱ ገና ናቸው፣ ቦታችሁን አትልቀቁ።

ከጎናቸው አትሩጡ። ስልክ፣ ባንዲራ፣ የቦርሳና የካሜራ ማንጠልጠያ ወደ መንገዱ አይውጣ። በ2018 ቪንቼንዞ ኒባሊ አልፕ ዱኤዝ ላይ በተመልካች ካሜራ ማንጠልጠያ ተጠልፎ እንደወደቀ ይነገራል፤ የጀርባ አጥንቱ ተሰብሮ ከውድድሩ ወጣ። ለአንድ ዓመት የተዘጋጀ ሰው ነው።

አሸናፊው ከገባ በኋላ

እዚህ ላይ ብዙው ሰው ቴሌቪዥኑን ይዘጋል፣ እናንተ ግን ሰዓቱን ተመልከቱ። የመግቢያ ገደብ የሚባል አለ። የአሸናፊው ሰዓት ላይ በስቴጁ ክብደትና በፍጥነቱ የሚወሰን መቶኛ ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ የገባ በማግሥቱ አይነሣም። ለምሳሌ አሸናፊው 5 ሰዓት ቢወስድበትና ገደቡ 15 በመቶ ቢሆን 45 ደቂቃ አላቸው ማለት ነው።

ለዚህ ነው ከኋላ «ግሩፔቶ» የሚባለው ስብስብ የሚፈጠረው። ሜዳ ላይ የሚያሸንፉት ግዙፍ ፈጣኖች፣ የታመሙት፣ የወደቁት፣ ሥራቸውን የጨረሱት አጃቢዎች፣ የተለያየ ቡድን ሰዎች ሆነው አብረው ይወጣሉ። ቀድሞ መሄድ የለም፣ መቅረትም የለም። አንዱ ያሰላል፤ ዳገቱ ላይ ይህን ያህል እንጣ፣ ቁልቁለቱ ላይ ይህን ያህል እንመልስ። በ2018 ላ ሮዚየር ላይ ማርክ ካቨንዲሽና ማርሴል ኪትል ገደቡ ሳያልፍ መግባት አቅቷቸው ተሰናበቱ። ያው ካቨንዲሽ በ2024 በመጀመሪያው ቀን ሙቀቱ አሟጦት፣ በቡድን ጓደኞቹ ታጅቦ፣ ከኋላ ሆኖ ገደቡ ሳያልፍ ገባ። ከአራት ቀን በኋላ 35ኛ ስቴጁን አሸንፎ የኤዲ መርክስን የ34 ሪከርድ ሰበረ።

በዚያው ዓመት ቢንያም ግርማይ ሦስት ስቴጅ አሸነፈ፣ ቱሩ ላይ ስቴጅ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ፣ አረንጓዴውን ማልያም ኒስ ድረስ ይዞት ገባ። ሁላችንም ያየነው ሜዳ ላይ እጁን ሲዘረጋ ነው። ግን አረንጓዴው ማልያ ተራራውን ላላለፈ አይሰጥም። 16ኛው ስቴጅ ላይ ወድቆ ተጎዳ፣ ከፊቱ ደግሞ የአልፕስ ቀናት ነበሩ። እነዚያን ቀናት ካሜራው ፖጋቻርና ቪንጌጎር ላይ ሳለ፣ አረንጓዴ የለበሰው ሰው ከኋላ በዳገቱ ላይ ከሰዓቱ ጋር ነበር የሚወዳደረው። የመግቢያውን መስመር የሚያሳይ ካሜራ ካገኛችሁ አሸናፊው ከገባ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆዩና ግሩፔቶው ሲመጣ የእያንዳንዱን ማልያ ቀለም እዩ።